በአሜሪካ ስመ ጥር ጠበቃ ለመሆን የሚያልሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ጠበቃ ከችሎት አልፎ የአገር መሪ፣ የሕዝብ አፈ ጉባኤ፣ የታሪክ ባለድርሻ ይሆናል። ይህን አይተው ሕግ ለመማር የሚነሱ ወጣቶች፣ የእኛም ልጆች አሉበት፣ ዝናው ከየት እንደሚመነጭ ሲያስቡ ግን ደጋግመው ይሳሳታሉ።

ትልቁ ስህተት ሁሉን ነገር ከአንደበት መጠበቅ ነው። ለጥቁሮች መብት የተሟገቱት ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፤ ስማቸውን የተከለው ግን መዝገብ በመዝገብ ላይ የደረበው ሥራቸው ነው። መምህራቸው ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን የፊልም ካሜራ ይዘው ደቡብ ካሮላይና በመውረድ የጥቁሮችና የነጮች ትምህርት ቤቶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ቀርጸዋል። ሁለቱ በትምህርት ቤት በዘር መለያየትን የመቃወም ትግላቸውን የጀመሩት በሕፃናት ትምህርት ቤት አልነበረም። ዳኞች የሕግን ትምህርት ከማንም በላይ ያውቃሉና ቀድመው የሕግ ትምህርት ቤቶችን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1936 ሜሪላንድ ላይ ረቱ፤ በ1950 ማርሻል ቴክሳስን ረቱ። በ1954 በብራውን መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን ሲሽር፣ መሠረቱ ከተጣለ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነበር። ሂዩስተን ያን ቀን ሳያዩ በ1950 አርፈዋል። ማርሻል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከሩባቸው 32 ጉዳዮች 29ኙን አሸንፈው፣ በ1967 በዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ።

ሌላው ስህተት ለመርሁ ተጨንቆ ባለጉዳዩን መርሳት ነው። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሩት ቤደር ጊንስበርግ ጠበቃ ሳሉ ለሴቶች እኩልነት ሲሟገቱ የያዙት ደንበኛ ወንድ ነበር፤ ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ጨቅላ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት። ሚስቱ ከደመወዟ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) መዋጮ ስትከፍል ኖራለች፤ ሕጉ ግን ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ የሚሰጠውን አበል ለእናት ብቻ ፈቅዶ አባትን ነፈገ። ያኔ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ የሴቷ ልፋት መናቁንና የአባቱን መበደል በአንድ መዝገብ ተመለከቱ። በ1975 የተሰየሙት ስምንቱም በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። ከጊንስበርግ ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

መሸነፍንም አለቅጥ መፍራት አይገባም። ክላረንስ ዳሮ በ1925 ቴኔሲ ውስጥ ዝግመተ ለውጥን አስተማረ ተብሎ የተከሰሰውን መምህር ሲከላከሉ ደንበኛቸው ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጥቷል። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን ከከሳሽ ወገን የቆሙትን ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን በምስክርነት አቁመው ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ያፋጠጡበትን ሰዓት ነው።

ዝናን ከማስታወቂያ መጠበቅም ስህተት ነው። ለጠበቆች የቢልቦርድ (የመንገድ ዳር ሰሌዳ) ማስታወቂያ በ1977 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መንገዱ ተከፍቶለታል። ደንበኛ ያመጣል፤ ተሰሚነት ግን አያመጣም።

በመጨረሻም፣ ዝና ከተገኘ በኋላ የሙያው ሥነ ምግባር እንደማይመለከት አድርጎ መቁጠር አለ። ሩዲ ጁሊያኒ በ1980ዎቹ የማፊያ አለቆችን ለፍርድ አቅርበው ስም ያተረፉ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም የኒውዮርክ ከንቲባ ነበሩ። በ2024 ግን የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ስለ 2020ው ምርጫ በተናገሩት ሐሰት ምክንያት የጥብቅና ፈቃዳቸውን ነጠቃቸው።