የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከመግዛታችሁ በፊት

የአባቴን ሸክላ ማጫወቻ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወስጄ አምፕሊፋየሩ ላይ ስሰካው ድምፁ የትንኝ ሆነብኝ። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ለካ ጣጣው የካርትሪጁ ዓይነት ነው! ካርትሪጅ ማለት መርፌዋን የያዘችው ትንሽ ሳጥን ናት።

የኔዋ ሙቪንግ ማግኔት የምትባለው ዓይነት ናት። የምታወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ ፎኖ የሚል ቀዳዳ ወይም ለብቻው የሚሸጥ ፎኖ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ሳጥን) ትፈልጋለች። ሸክላው ላይ የምታርፈው በ2 ግራም አካባቢ ክብደት ነው። መርፌዋ ስታልቅ ሳብ አድርጎ አውጥቶ አዲስ መሰካት ነው። ለቤት እሷን እመርጣለሁ።

የድሮዎቹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻዎች ላይ ብዙ ጊዜ ያለችው ሴራሚክ የምትባለው ካርትሪጅ ናት። ጎኗ ላይ 78 እና ኤልፒ (የሸክላ ዓይነቶች ናቸው) እያለች የምትገለበጥ ምላስ ካያችሁ እሷን ጠርጥሩ። ቀጥታ ኦክስ (የአምፕሊፋየሩ ተራ የድምፅ መግቢያ) ላይ ትሠራለች፤ ግን ብዙዎቹ ከ5 ግራም በላይ ይጫናሉ። ክብደቷ ሸክላ ስለሚጎዳ የ1960ዎቹን የአማርኛ ሸክላ ለእሷ አልሰጥም።

ሙቪንግ ኮይል የምትባል ውድም አለች። ድምፅዋ ግሩም ነው፤ ግን አብዛኞቹ ላይ መርፌው ብቻውን አይቀየርም።

ደግሞ የአባዶን አቧራ ታውቁታላችሁ። መርፌዋን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ (ከክንዱ በኩል) ወደ ፊት ብቻ ጥረጉ።