ከሜዳ ውጭ ለሚደረግ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ቅድመ ዳሰሳ እንዴት ይዘጋጃል?

እ.ኤ.አ. በ2022–23 የውድድር ዘመን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በሆነው በቢግ ቴን ኮንፈረንስ በሜዳው ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች አሥሩንም አሸነፈ፤ ከሜዳው ወጥቶ ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች ግን ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፣ አሠልጣኙ ያው ነው፣ ቅርጫቱም በየትኛውም አዳራሽ የሚሰቀለው በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እንደ እኔ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሮ ያን ቡድን ለሚከታተል ሰው ዓመቱ ጥሩ ትምህርት ሰጥቷል። ከሜዳ ውጭ የሚደረግን ጨዋታ አስቀድሞ የሚዳስስ ደጋፊ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ከምናውቀው ብቃታችን የትኛው አብሮን እንደሚጓዝና የትኛው ቤት እንደሚቀር ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ለማንኛውም ቡድን ይሆናል፤ ምሳሌዎቼ ግን በአብዛኛው ከሜሪላንድና ከኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው የቡድኑን አኃዞች በሁለት ዓምድ በመለየት ነው፤ በአንዱ በሜዳው፣ በሌላው ከሜዳው ውጭ ያስመዘገበው ይሰፍራል። የዓመቱን አማካይ እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ ምክንያቱም በኖቬምበርና በዲሴምበር ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትናንሾቹን ገንዘብ ከፍለው ወደ ሜዳቸው ይጋብዛሉ፤ ተጋባዡም ክፍያውን ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ሽንፈቱን ተሸክሞ ይመለሳል። በእነዚያ ሳምንታት የተከማቸው ነጥብ እስከ ማርች ድረስ አማካዩን አሳብጦ ይቆያል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአንድ ተጫዋች የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ስኬት ከ40 በመቶ በላይ መሆኑን አይቼ ዳሰሳዬን በሙሉ በእሱ ላይ ገነባሁ። ተጫዋቹ በዚያ ምሽት አንድም ሳያስቆጥር ከወጣ በኋላ ጨዋታ በጨዋታ ብቆጥር፣ አብዛኛውን ያስገባው በዓመቱ መጀመሪያ፣ በራሱ ሜዳ፣ በደካማ ቡድኖች ላይ ሆኖ አገኘሁት። ይሁንና የውጭው ዓምድም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በአምስት ጨዋታ 20 ጊዜ ብቻ የወረወረ ተጫዋች ሁለት ኳስ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ስኬቱ በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ከእንዲህ ያለ ጥቂት ቁጥር ትልቅ መደምደሚያ ማውጣት አይቻልም።

ቀጥሎ የጨዋታው ፍጥነት ይታያል። የኮሌጅ ወንዶች ጨዋታ 40 ደቂቃ ሲሆን ከ2015 ጀምሮ አንድ ቡድን ሳይወረውር ኳስ ይዞ የሚቆየው ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ ያም ሆኖ አንዱ ቡድን እየሮጠ፣ ሌላው ሰዓቱን እያንጠፈጠፈ ስለሚጫወት የነጥብ አማካይ ብቻውን ብዙም አይነግረንም። ስለዚህ ነጥብን በማጥቃት ተራ፣ ማለትም ቡድኑ ኳስ ይዞ ለማጥቃት ባገኘው ዕድል ብዛት፣ ማካፈል ያስፈልጋል። ተራውን ለመገመት ቡድኑ ከወረወራቸው የሜዳ ኳሶች ላይ የማጥቃት ሪባውንዶቹ (ራሱ ስቶ መልሶ የያዛቸው ኳሶች) ይቀነሳሉ፣ ያባከናቸው ኳሶች ይደመራሉ፣ የቅጣት ውርወራዎቹም በ0.475 ተባዝተው ይጨመራሉ። ለምሳሌ 60 ጊዜ የወረወረ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ የያዘ፣ 12 ኳስ ያባከነና 20 የቅጣት ውርወራ ያገኘ ቡድን 71.5 ያህል የማጥቃት ተራ ነበረው፤ 74 ነጥብ አስቆጥሮ ከሆነ በ100 ተራ 103.5 ነጥብ ገደማ አገኘ ማለት ነው። ይህን ስሌት በእጅ መሥራት ለሰለቸው ሰው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አኃዞችን በድረ ገጹ የሚያወጣው የኬን ፖሜሮይ ሰንጠረዥ አለለት፤ እኔ ግን ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሦስት የውጭ ጨዋታዎች በእጄ አሰላለሁ፣ ምክንያቱም ስጽፋቸው የማያቸው ነገሮች አሉ።

ከተራው ስሌት በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዲን ኦሊቨር የለያቸው አራት ጉዳዮች ይመጣሉ፤ እነዚህም የውርወራ ስኬት፣ የባከነ ኳስ፣ የማጥቃት ሪባውንድና የቅጣት ውርወራ የማግኘት ችሎታ ናቸው። የውርወራ ስኬት ሲሰላ ባለ ሦስት ነጥቧ ኳስ እንደ አንድ ተኩል ትቆጠራለች፤ ከላይ ያነሣነው ቡድን ከ60 ውርወራ 26 አስገብቶ ከእነዚህ ስምንቱ ባለ ሦስት ነጥብ ቢሆኑ፣ ስኬቱ 30 ለ60፣ ማለትም 50 በመቶ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከአራቱ መካከል ለመንገደኛ ቡድን ይበልጥ የሚታመነው ሪባውንድ ነው፤ ትከሻና ቦታ አያያዝ በየትኛውም አዳራሽ ያው ናቸውና። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ የቅጣት ውርወራው ነው። በሜዳው በየጨዋታው 25 ጊዜ ከቅጣት መስመር የሚቆም ቡድን በሰው አዳራሽ፣ ዳኛው ፊሽካውን በነፋ ቁጥር ሺዎች በሚጮኹበት ቦታ፣ ያንኑ ያህል እንደሚያገኝ አድርጎ መጻፍ ድፍረት ነው። ስለዚህ በውጭው ዓምድ ላይ ከዚያ መስመር የሚገኘው ነጥብ ምን ያህል እንደሚወርድ ሳይታይ ስለ ውጤት መናገር አይገባም።

የሜዳ ጥቅም ራሱ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነጥብ ገደማ ሆኖ ይገመታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ100 ተራ ከተጋጣሚው በስድስት ነጥብ የሚሻል ቡድን 68 ተራ ባለው ጨዋታ የሚበልጠው በአራት ነጥብ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ላይ ሦስቱ ሲቀነሱ በእጁ የሚቀረው አንድ ነጥብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የታየውን ልዩነት ሁሉ ለአዳራሹ መስጠትም ስሕተት ነው። ጃንዋሪ 22 ቀን 2023 ፐርዱ በሜዳው ሜሪላንድን 58 ለ55 አሸነፈ፤ ፌብሯሪ 16 ቀን ደግሞ ሜሪላንድ በራሱ ሜዳ ፐርዱን 68 ለ54 ረታ። ከሦስት ነጥብ ሽንፈት ወደ 14 ነጥብ ድል የተደረገው ሽግግር 17 ነጥብ ነው፤ ሜዳ በመቀያየሩ ብቻ የምንጠብቀው ግን ስድስት ያህል ነበር። የቀረው 11 ነጥብ በዚያ ምሽት የገባና የሳተ ኳስ፣ የፋውል ሁኔታ፣ የድካምም ውጤት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ፐርዱ ወደ ሜሪላንድ የመጣው ከአራት ቀን በፊት በኖርዝዌስተርን ሜዳ ተሸንፎ እንደ ነበር መርሐ ግብሩን ያየ ሰው ያውቃል። የ58 ለ55ቱን ጨዋታ ያስታወሰ ዳሳሽ ደግሞ ውጤቱን ሳይሆን ዝግታውን ልብ ማለት ነበረበት፤ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው የፐርዱ ተጫዋች ዛክ ኢዲ በተሰለፈበት ቡድን ላይ ተራን ማሳነስ ለእንግዳው ቡድን የሚያዋጣ መንገድ ሊሆን ይችላልና።

ስለ አዳራሹ ሲጻፍ «በጣም ይጮኻሉ» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ምንም አይጨምርም፤ የሚጠቅመው ጩኸቱ የት ላይ እንደሚሠራ መግለጽ ነው። የፐርዱው ማኪ አሬና በ1967 የተከፈተ፣ ከ14,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ክብ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው እንደ ጉልላት የተሠራ በመሆኑ ድምፁ ወደ ላይ ሄዶ ተመልሶ ይወርዳል። የተማሪ ደጋፊዎቹ ቡድን ከ2005 ጀምሮ በሚያሠለጥኑት በማት ፔይንተር ስም ተነሥቶ ፔይንት ክሩ ይባላል። በዚያ ድምፅ ውስጥ አሠልጣኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚጮኸው ትእዛዝ ለተጫዋቾቹ እንደ ልብ ስለማይደርስ፣ ዳሰሳው የእንግዳው ቡድን ኳስ አደራጅ በእጅ ምልክት ጨዋታ መጥራት የለመደ ወይም አንደኛ ዓመት ጀማሪ መሆኑን ሊናገር ይገባል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አለን ፊልድሃውስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ የእንግዳው ቡድን ተሰላፊዎች ስም ሲጠራ ተማሪዎቹ ጋዜጣ ዘርግተው ፊታቸውን ይሸፍኑና የሚነበብ ነገር ያገኙ መስለው ይቆማሉ። ይህ ለጽሑፍ ውበት ይጨምራል እንጂ ከነጥብ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከባሕር ወለል በላይ 7,220 ጫማ፣ ማለትም 2,200 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቱ ግን ከስሌቱ ይገባል፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታውን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የጉዞው ነገር ከ2024 ወዲህ ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ሆኗል። በዚያ ዓመት ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ቢግ ቴንን ሲቀላቀሉ ኮንፈረንሱ 18 አባላት ኖሩት፤ ከሜሪላንድ ተነሥቶ ሲያትል የሚጫወት ቡድንም የሦስት ሰዓት ልዩነት ያቋርጣል። በዚያ ከምሽቱ 1:30 የሚጀመር ጨዋታ ለተጫዋቾቹ ሰውነት ከምሽቱ 4:30 ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጨዋታ ወዲህ ስንት ቀን እንዳረፉ፣ ይህ የጉዞው የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ጨዋታ መሆኑን፣ ባለሜዳውም በበኩሉ ከየት እንደ ተመለሰ በአንድ አንቀጽ ማስፈር ይበቃል።

ተሰላፊዎችን በተመለከተ አምስቱን ስም መደርደር ከማንም የማይሰወር ነገር ነው፤ ጥያቄው ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ነው። ተጫዋች በአምስተኛ ፋውሉ ይወጣል፤ ብዙ አሠልጣኞች ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለተኛውን የሠራውን ተጫዋች ወዲያው ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። በተጨማሪም ቡድኑ በአንድ አጋማሽ ሰባተኛ ፋውሉን ሲሠራ ተጋጣሚው የመጀመሪያውን ካስገባ ሁለተኛ የሚያስገኝ የቅጣት ውርወራ ያገኛል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ሁለቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጣሉ። እንግዲህ የቡድናችን ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ) በስምንተኛው ደቂቃ ቢቀመጥ ማን ይገባል? የሚገባውስ በሰው ሜዳ ስንት ደቂቃ ተጫውቶ ያውቃል? ይህን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ጨዋታውን በሌላ ዓይን ያየዋል። የጉዳት ዜናን በተመለከተ ኤስኢሲን (የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስን) የመሰሉ ኮንፈረንሶች ለኮንፈረንስ ጨዋታዎች ይፋዊ ዝርዝር ስለሚያወጡ፣ ከወሬ ይልቅ በዝርዝሩ መመራት ይሻላል።

የጨዋታውን ክብደት ለማስረዳት ቡድኖች ለማርቹ ብሔራዊ ውድድር ሲመረጡ የሚታየውን፣ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን ኔት የተባለውን የቡድኖች ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። ጨዋታዎች እንደ ተጋጣሚው ደረጃ ከሚለዩባቸው ምድቦች ከፍተኛ በሆነው በመጀመሪያው ምድብ የሚቆጠር ድል ለማግኘት በሜዳ ከሆነ ከ1 እስከ 30 ያለ ቡድን፣ ከሜዳ ውጭ ከሆነ ግን ከ1 እስከ 75 ያለ ቡድን ማሸነፍ ይበቃል። 60ኛ ደረጃ ላይ ያለን ቡድን ቤታችን ብንረታው የሁለተኛ ምድብ፣ ቤቱ ሄደን ብንረታው የመጀመሪያ ምድብ ድል ይሆንልናል። ብዙ ደጋፊ ተጋጣሚውን በስሙ ብቻ መዝኖ «ቀላል ነው» የሚላቸው ጨዋታዎች በማርች ወር ለውድድሩ ቡድኖች ሲመረጡ ከባድ ሆነው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ጽሑፉ ከመላኩ በፊት መጨረሻ የሚታረመው ሰዓቱ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በራት ሰዓት በሜሪላንድ የሚጀመረውን ጨዋታ «7 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ የቀትር በኋላ ጨዋታ ይመስለዋል፤ እኔ ይህንኑ አድርጌ ታናሽ ወንድሜ ከምሳ በኋላ ስልኩን ይዞ ባዶ ሜዳ ሲጠብቅ ውሏል። አሁን በሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ «በሜሪላንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» እላለሁ፣ በማርች አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲገፉም ሁለተኛውን ወደ 8 ዝቅ አደርገዋለሁ።