ያገለገለ የእጅ ጌም ኮንሶል ከመግዛትዎ በፊት ስሪቱንና መቆጣጠሪያውን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶል ለመግዛት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይጠይቃል፣ ስክሪኑ ላይ ጭረት መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ዋጋ ይገባል። ይሁን እንጂ በአንድ ስም የተሸጡ ሁለት ኮንሶሎች ከላይ ሲታዩ መንታ ቢመስሉም ውስጣቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል፤ አምራቾች የመጀመሪያው ምርት ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቺፑን፣ ስክሪኑን፣ ባትሪውን ወይም የቁልፎቹን አሠራር ያለ ብዙ ወሬ ይለውጣሉና። ከዚህም ሌላ፣ ያለ ዕረፍት በጣት የሚገፋውና የሚጫነው መቆጣጠሪያ ከአብዛኞቹ የኮንሶሉ ክፍሎች ቀድሞ ያረጃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው ዕቃ የትኛው ስሪት እንደሆነ ለመለየት፣ ቀጥሎም መቆጣጠሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማረጋገጥ ይረዳሉ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ጆይስቲኩ ከተበላሸ አዲስ ስሪት ይልቅ ቁልፎቹ ጤናማ የሆኑለትን አሮጌ ስሪት እወስዳለሁ፤ ምክንያቱን በአምስተኛው ደረጃ ላይ አስረዳለሁ።

1. ሞዴል ቁጥሩን ፈልገው ያንብቡ

ሞዴል ቁጥሩ በአብዛኞቹ ኮንሶሎች ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ወይም በተለጠፈ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ጽሑፉ በእጅ ላብ ደብዝዞ ከሆነ የስልክዎን መብራት ከጎን በኩል አጋድለው ያብሩበት። በአብዛኞቹ የኒንቴንዶ ኮንሶሎች ላይ የሚያገኙት ሦስት ፊደላትና ሦስት አኃዞች ሲሆኑ፣ በሶኒው ፒኤስፒ ላይ ደግሞ ባለአራት አኃዝ ቁጥር ነው። የፒኤስፒው የመጀመሪያ አኃዝ ስሪቱን፣ የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ የተሸጠበትን የዓለም ክፍል ስለሚያመለክት፣ ፒኤስፒ-3001 እና ፒኤስፒ-3004 በሃርድዌር ረገድ አንድ ስሪት ናቸው። ከቁጥሩ በፊት ፊደል ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ፒኤስፒ-ኢ1000 ከፒኤስፒ-1000 ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ሞዴል ነው።

2. ቁጥሩ ምን እንደሚለውጥ ይወቁ

የኋለኛው ስሪት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ መገመት ብዙ ሰው ያሳስታል። ፒኤስፒ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የወጣው ፒኤስፒ-1000 ክብደቱ 280 ግራም፣ የማስታወሻ መጠኑም 32 ሜጋባይት ነበር። በ2007 የተተካው ፒኤስፒ-2000 ወደ 189 ግራም ቀለለ፣ ማስታወሻው ወደ 64 ሜጋባይት አደገ፣ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር መገናኘትም ቻለ። በ2008 የመጣው ፒኤስፒ-3000 ማይክሮፎንና ቀለሙ የደመቀ ስክሪን ይዞ ቢመጣም፣ በፍጥነት በሚንቀሳቀስ ምስል ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች እንደሚታዩ ብዙ ተጫዋቾች ወዲያውኑ አስተዋሉ። በ2009 የወጣው ፒኤስፒ ጎ የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ስለዚህ በዲስክ የተገዙ ጌሞች አይገቡበትም። በ2011 የወጣው ኢ1000 ደግሞ ዋይፋይ የለውም፣ ድምፁም በአንድ ስፒከር ብቻ ነው የሚወጣው። ከአምስቱ አንዱን እንድመርጥ ብጠየቅ 2000ን እወስዳለሁ፤ ዓይናቸው ለመስመሮቹ የማይቆረቆር ሰዎች ግን 3000ን ቢመርጡ አልከራከራቸውም።

የኒንቴንዶው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ልዩነቱ ይበልጥ ስውር ነው። በ2003 የወጣው ኤጂኤስ-001 ስክሪኑን የሚያበራው ከፊት በኩል በሚረጭ ብርሃን ስለሆነ ምስሉ ፈዘዝ ያለ ነው፤ በ2005 የተከተለው ኤጂኤስ-101 ግን ብርሃኑ ከስክሪኑ ኋላ ስለሚመጣ በጣም የጠራ ምስል ያሳያል። ቅርጻቸው አንድ ነው። ለመለየት ከስክሪኑ በታች መካከል ላይ ያለችውን የመብራት ቁልፍ ይጫኑ፦ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ 001 ነው፤ ሳይጠፋ ከደማቅ ወደ መካከለኛ ብቻ ከተቀየረ 101 ነው።

ኒንቴንዶ ስዊችን በተመለከተ፣ በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ስሪት ኤችኤሲ-001 ተብሎ ይጠራል። በ2019 የተተካው ስሪት በዚያው ቁጥር ላይ በቅንፍ የተጻፈ ጭረትና 01 ይጨመርበታል፤ ይህች ትንሽ ጭማሪ የባትሪውን ቆይታ ከ2.5–6.5 ሰዓት ወደ 4.5–9 ሰዓት ያሳደገውን፣ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ የሆነውን ቺፕ ታመለክታለች። በዚያው ዓመት የወጣው ስዊች ላይት መቆጣጠሪያዎቹ ከአካሉ ጋር የተዋሐዱ ናቸው፤ ይህ በኋላ ስለ ጥገና ስንነጋገር ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል። ባለኦሌድ ስክሪኑ (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራበት ስክሪን) ስሪት በ2021 የወጣ ሲሆን፣ ስክሪኑ 7 ኢንች ስለሆነና ጠርዙ ስለሚቀጥን በዓይን በቀላሉ ይለያል።

ሌሎቹን በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ ፒኤስፒን የተካው የሶኒው ቪታ የመጀመሪያ ስሪት ፒሲኤች-1000 ኦሌድ ስክሪን ሲኖረው፣ ፒሲኤች-2000 ግን ከኋላ በሚመጣ ብርሃን የሚበራ ኤልሲዲ ነው፤ በምትኩ ኋለኛው ቀለል ያለና በተራ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ኒንቴንዶ ዲኤስአይ ከዲኤስ ላይት በኋላ ቢመጣም የጌም ቦይ አድቫንስ ካርትሪጅ ማስገቢያውን አጥቷል። የቫልቭ ኩባንያው የእጅ ኮንሶል ስቲም ዴክ በ2022 ሲወጣ ባለ 7 ኢንች ኤልሲዲ ስክሪንና 40 ዋት-ሰዓት ባትሪ ነበረው፤ የ2023ቱ ባለኦሌድ ሞዴል 7.4 ኢንች፣ 90 ኸርዝ (ምስሉ በሴኮንድ 90 ጊዜ የሚታደስ) እና 50 ዋት-ሰዓት ሆኗል።

ሞዴል ቁጥሩ የማይነግርዎት ነገርም አለ። ባለሁለት ስክሪኑ የኒንቴንዶ ኮንሶል ኒው 3ዲኤስ ኤክስኤል በአንድ ሞዴል ቁጥር ሥር ከተለያዩ የስክሪን ዓይነቶች ጋር ተሽጧል፤ አንዱ ከጎን ሲታይ ቀለሙን የሚጠብቅ አይፒኤስ፣ ሌላው የሚገረጣ ቲኤን ነው። ከዚህ የተነሣ ኮንሶሉን አብርተው ወደ ጎን ማዘንበልና ሁለቱንም ስክሪኖች ማነጻጸር ያስፈልጋል።

3. ሽፋኑ ከውስጡ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ

የድሮ ኮንሶሎች የፕላስቲክ ሽፋን በርካሽ የሚገኝና በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት የውስጡ ምስክር ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አዲስ የሚመስል ኮንሶል ከሚያብረቀርቅ ሽፋኑ ጋር ገዝቼ፣ ቤት ገብቼ ብሎኖቹን ስመለከት ጭንቅላታቸው ተበልቶ አገኘሁት፤ ስከፍተው የመካከለኛው ቁልፍ ጎማ ተገልብጦ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሽፋኑ በፊት ብሎኑን ነው የማየው። ኒንቴንዶ ብዙ ጊዜ ሦስት ክንፍ ያለው ብሎን ስለሚጠቀም፣ በቦታው መስቀለኛ ብሎን ካዩ ወይም የአንዱ ቀለም ከሌሎቹ ከተለየ ኮንሶሉ ተከፍቶ እንደነበር መገመት ይቻላል። መከፈቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሻጩ ለምን እንደተከፈተ ማስረዳት ካልቻለ ግን ጥንቃቄ ይገባል። በስዊች ላይ ደግሞ ሴሪያል ቁጥሩን በሲስተም ሴቲንግ ውስጥ አውጥተው አካሉ ላይ ከተጻፈውና ካርቶኑ ካለም ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ።

4. የአቅጣጫ ቁልፉንና ባለፊደል ቁልፎቹን ይፈትሹ

በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የአቅጣጫ ቁልፍ በ1982 ከኒንቴንዶው ጌም ኤንድ ዎች ጋር የተዋወቀ ሲሆን የኩባንያው መሐንዲስ የጉንፔ ዮኮይ ሥራ ነው። መካከሉ ላይ ያለችው እብጠት እንደ ሚዛን ምሰሶ ስለምታገለግል፣ አንዱን ክንድ ሲጫኑ ተቃራኒው ይነሳል፤ በዚህም ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ አይጫኑም። እብጠቷ ካለቀች ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ ከላላ፣ ቀኝ ብቻ ሲጫኑ ላይ ወይም ታች አብሮ ይነካል።

ይህን ለማየት ጌም ከፍተው ስም የሚጻፍበት የፊደላት ሰንጠረዥ ላይ ይድረሱ። የቀኙን ክንድ በአውራ ጣትዎ ጫፍ ሳይሆን በሥጋማው ክፍል ጠንከር አድርገው ይዘው ያቆዩት፤ ጠቋሚው በአንድ መስመር ላይ መሮጥ አለበት። ጣትዎን ሳያነሱ ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች ያንከባልሉት፤ ጠቋሚው ገና በትንሽ እንቅስቃሴ መስመር ከዘለለ ቁልፉ ትክክል አይደለም። በአራቱም አቅጣጫዎች ይድገሙት።

ባለፊደል ቁልፎቹን በመሃላቸው ብቻ ሳይሆን በጠርዛቸው በኩልም ይጫኑ። በአንዳንድ ኮንሶሎች ከቁልፉ ሥር ካርቦን የተቀባ ጎማ አለ፤ ጎማው ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ መስመሮች ሲያገናኝ መጫኑ ይመዘገባል። በሌሎቹ ደግሞ ቀጭን የብረት ጉልላት ስላለ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የጎማው ዓይነት ለስላሳ ነው፣ ሲያረጅም ጠንክሮ ካልተጫኑት አይሰማም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል ሲጸዳ ይድናል። የብረቱ ዓይነት ፈጣን ነው፣ ሲበላሽ ግን አንዱን መጫን ሁለት አድርጎ ይመዘግባል፤ ያኔ ማጽዳት እምብዛም ስለማይረዳው መቀየር ይኖርበታል።

5. ጆይስቲኩን ጊዜ ሰጥተው ይመርምሩ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች ውስጥ ፖቴንሾሜትር የሚባል ክፍል አለ፤ ቀጭን የብረት ጣት በካርቦን ጎዳና ላይ እየተንሸራተተ፣ የቆመበት ቦታ በኤሌክትሪክ መጠን ይለካል። ጣቱና ጎዳናው ስለሚፋተጉ ካርቦኑ ቀስ በቀስ ይፋቃል፣ ዱቄቱም እዚያው ይከማቻል፤ በመጨረሻም ኮንሶሉ ማንም ሳይነካው ጆይስቲኩ የተገፋ ይመስለዋል። ድሪፍት የሚባለው ችግር በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። በሆል ኢፌክት ጆይስቲክ ግን ማግኔትና የማግኔትን ኃይል የሚለካ ሴንሰር ሳይነካኩ ስለሚሠሩ የሚፋቅ ጎዳና የለም። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ የሴጋው ድሪምካስት መቆጣጠሪያ በ1998 ይጠቀምበት ነበር። ይሁንና በ2025 የወጣው ስዊች 2 እንኳ ከሆል ኢፌክት ውጭ በሆነ ጆይስቲክ መምጣቱ፣ አዲስ ስሪት ማለት የተሻለ መቆጣጠሪያ ማለት እንዳልሆነ በቂ ማስረጃ ይመስለኛል።

በስዊች ላይ በሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ወደ ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ ገብተው የጆይስቲክ ማስተካከያውን ገጽ ይክፈቱ፤ ሲገፉት የሚንቀሳቀስ ነጥብ ያለበት ክብ ያሳይዎታል። ስቲም ዴክም የራሱ መሞከሪያ ገጽ አለው። በመጀመሪያ ጣትዎን አንሥተው ነጥቡን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይመልከቱት፤ የሚንቀጠቀጥ ነጥብ የመበላት ምልክት ነው። ቀጥሎ ጆይስቲኩን እስከ ጠርዝ ገፍተው በድንገት ይልቀቁት፣ ይህንንም በየአቅጣጫው አሥር አሥር ጊዜ ያድርጉ። ጤናማ ጆይስቲክ በየጊዜው ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል፤ ከግራ ሲለቀቅ ግራ በኩል፣ ከቀኝ ሲለቀቅ ቀኝ በኩል የሚቀር ከሆነ ግን ስፕሪንጉ ደክሟል። ይህ ጉድለት በሆል ኢፌክት ጆይስቲክም ላይ ሊያጋጥም ይችላል፤ ማግኔት ስፕሪንግን አያድንምና። በመጨረሻ ጠርዙን ተከትለው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ነጥቡ ክቡን መሙላት አለበት፣ በአንድ በኩል ከተጎደለ ወይም በድንገት ከዘለለ ካርቦኑ እዚያ ላይ አልቋል።

ድሪፍትን ለጊዜው መሸፈን ቀላል መሆኑንም ይወቁ። ኮንሶሉ ትንንሽ እንቅስቃሴዎችን ችላ የሚልበትን መካከለኛ ክልል፣ ማለትም ዴድ ዞኑን ማስፋት ወይም ከሽያጩ በፊት ማስተካከያውን እንደገና ማካሄድ ችግሩን ለአጭር ጊዜ ይደብቀዋል። ስለዚህ ዴድ ዞን የሚስተካከልበት ኮንሶል ከሆነ ወደ ዝቅተኛው አውርደው ይሞክሩት፤ ከሙከራው በኋላም ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫውተው ወደ ገጹ ይመለሱ።

6. የትከሻ ቁልፎችና ማጠፊያ

የትከሻ ቁልፎችን በውጭኛው ጫፍም በውስጠኛው ጫፍም ይጫኑ፤ በተለይ ዲኤስ ላይት እነዚህ ቁልፎቹም የማጠፊያው ፕላስቲክም የታወቁ ደካማ ጎኖቹ ናቸው። ማጠፊያውን ከፍተው የቀኙን ጥግ በብርሃን ይዩት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ጀርባው አብጦ ወይም የባትሪው ክዳን አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧልና ቻርጅ አያድርጉት።

7. ጆይስቲኩን ለመቀየር ከወሰኑ

ከዋናው ስዊች የሚነጠሉት መቆጣጠሪያዎች ሙሉ በሙሉ በሌላ ሊተኩ ይችላሉ፤ በስዊች ላይት ላይ ግን ኮንሶሉን ራሱን መክፈት ግድ ነው፣ ይህም ከዋጋው ላይ እንዲቀነስልዎ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። መለዋወጫ ከማዘዝዎ በፊት ትክክለኛውን ዓይነት ይለዩ፤ ለምሳሌ ስቲም ዴክ በአንድ ሞዴል ውስጥ የማይለዋወጡ ሁለት ዓይነት ጆይስቲኮች ስላሉት ከፍተው ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ሲከፍቱ ኮንሶሉን ያጥፉት፣ ከተቻለም በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ። ጠፍጣፋውን የጆይስቲክ ገመድ ከመሳብዎ በፊት የሚይዘውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ያንሡ፤ በኃይል ከተጎተተ መቆለፊያው ይሰበራል፣ እሱን ማስጠገን ደግሞ ከጆይስቲኩ ይከብዳል። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ማስተካከያውን ያካሂዱ። ነጥቡ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ አዲሱን ዕቃ ከመውቀስዎ በፊት እንደገና ይክፈቱት፤ በአብዛኛው ገመዱ ጠምሞ ገብቶ ወይም መቆለፊያው ሳይዘጋ ቀርቶ ያገኙታል።