ፊድ ማንበቢያው ባዶ ሲሆን፦ ሌላ ከማውረዳችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ

ለዴስክቶፕ ጥሩ የአር ኤስ ኤስ ማንበቢያ አጣሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ማንበቢያ አላጣም። አር ኤስ ኤስ ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን በዝርዝር የሚያሰራጩበት መንገድ ነው፤ ዝርዝሩ ፊድ ይባላል፣ ማንበቢያው የብዙ ገጾችን ፊድ በአንድ ቦታ ያሳያል። ተንደርበርድ፣ አር ኤስ ኤስ ጋርድና ፍሉየንት ሪደር የሚባሉት ማንበቢያዎች ተጭነውበት ሦስቱም ባዶ የሆኑበት ኮምፒውተር ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ሞልቷል። ሦስት ፕሮግራም በአንድ ቀን አይበላሽም።

ምልክት፦ ፊዶቹ በሙሉ ስህተት ያሳያሉ፣ ቴሌግራም ግን ይሠራል

ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ቀን ነው። የድረ ገጽ ሰርተፍኬት (የገጹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ 2018 ላይ ቆሞ ከሆነ በ2025 የተሰጠው ሰርተፍኬት ለእሱ ገና አልተወለደም። ብራውዘር ቢያንስ ያስጠነቅቃል። ማንበቢያው ግን ከጀርባ ስለሚሠራ አንዲት ቀይ ምልክት ለጥፎ ዝም ይላል። ቴሌግራም የራሱ ፕሮቶኮል ስላለው ሰውን ያሳስታል፤ «ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙ ነው» ያሰኛል።

ቀኑን የሚያበላሸው አንድም ሰው ነው። መስከረም 1 ቀን 2018ን 1/1/2018 ብሎ የሚሞላ አለ። ለኮምፒውተሩ ይህ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው፤ መግባት የነበረበት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ! ከዚያ «አስተካክዬው ነበር» ይባላል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሰዓት ዞኑን ናይሮቢ አድርጉ፤ ዊንዶውስ አዲስ አበባን በስሟ አይዘረዝርም። ዞኑ የአሜሪካ ፓስፊክ ሆኖ ሰዓቱን ብቻ በእጅ ብታስተካክሉ ኮምፒውተሩ በውስጡ 10 ወይም 11 ሰዓት ይስታል። ቀጥሎ ዓመት፣ ወርና ቀኑን በፈረንጆቹ በእጅ ሙሉ። በመጨረሻ ከኢንተርኔት እንዲያመሳስል እዘዙት። ማመሳሰሉን ከፊት አታድርጉት፦ ዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጡ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነትን አያርምም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል።

አንድም ቀኑን የሚያበላሸው ባትሪው ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮው ከተመለሰ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ሳንቲም መሰል ባትሪ፣ ሲ አር 2032፣ አልቋል። አዲሱ በቴስተር 3 ቮልት ግድም ያነባል፤ ከ2.7 በታች ከሆነ ጣሉት። ሻጩ ሲ አር 2025 ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ስፋቱ እኩል፣ ውፍረቱ ግን በ3.2 ሚሊሜትር ፈንታ 2.5 ነው። ቤቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ለሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ያው። ወረቀት አጥፎ ከሥሩ መወሸቅ ጥገና አይደለም። ስትቀይሩ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ከአሻንጉሊት የወጣ ባትሪ አታስገቡ፤ በላስቲክ ሳይታሸግ በጅምላ የሚሸጠውንም ሳትለኩ አትግዙ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ዊንዶውስ 7 ከሆነ፣ የስር ሰርተፍኬቶቹ (የሌሎቹ ሰርተፍኬቶች እውነተኛነት የሚረጋገጥባቸው) አርጅተዋል፤ በሰፊው ያገለግል የነበረ አንዱ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው አልፏል።

ምልክት፦ ጽሑፎቹ ይመጣሉ፣ ግን «ከወደፊት»

ጧት 3 ሰዓትን 3:00 ኤኤም ብላችሁ ሞልታችኋል። ትክክሉ 9:00 ነው። ሰርተፍኬቱ በ6 ሰዓት ልዩነት ብዙም አይደናቀፍም፤ የጽሑፎቹ ቅደም ተከተል ግን ይዘበራረቃል።

ምልክት፦ አንድ ፊድ ብቻ እምቢ ይላል

የገጹን አድራሻ እንጂ የፊዱን አልሰጣችሁት ይሆናል። ወርድፕሬስ ከሆነ መጨረሻው ላይ እዝባርና «ፊድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጨምሩ። 429 የሚል ቁጥር ካያችሁ በየ5 ደቂቃው እየነዘነዛችሁት ነው፤ 60 ደቂቃ አድርጉት፣ ፓኬጃችሁም ይተርፋል። ኤክስኤምኤሉ (ፊዱ የተጻፈበት ቅርጽ) ተሰብሯል ካለ ጥፋቱ የባለ ገጹ ነው።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ጫኑ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል

ፍሉየንት ሪደር መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን ከነብራውዘር ሞተሩ ነው የሚመጣው፤ ለ4 ጊጋባይት ራም ሸክም ነው። የአር ኤስ ኤስ ጋርድ ቀላሉ ቅጂ፣ ያለ ድር ሞተር የሚመጣው፣ ይበቃል። ኢሜይላችሁን በተንደርበርድ የምታነቡ ከሆነ ፊድም እዚያው ይነበባልና ሌላ አትጫኑ፤ ሙሉ ገጽ ሳይሆን ማጠቃለያውን እንዲያሳይ አድርጉት። ኳይት አር ኤስ ኤስን እስካሁን የሚያወርድ አለ፤ እድሳት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል።

ወደ ሌላ ማንበቢያ ስትዛወሩ የፊዶቻችሁን አድራሻ ዝርዝር በኦፒኤምኤል ፋይል (ማንበቢያዎች ይህን ዝርዝር የሚለዋወጡበት ፋይል) አውጥታችሁ በአዲሱ አስገቡት። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ሲሄድም ይህን ፋይል አስቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ፤ ፎርማት አድራጊው ሲ ድራይቭን ሲያጠፋ አይጠይቃችሁም።