ሪል አይዲ ለማውጣት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ኮከብ የሌለው ተራ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ለአገር ውስጥ በረራ እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ ሪል አይዲ የሚባለው ኮከብ ያለበት መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ነው። ሕጉ የወጣው በ2005 ነው፤ ተፈጻሚነቱ ለዓመታት ሲራዘም ስለኖረ ብዙ ሰው "ይህም ይራዘማል" ብሎ ተቀመጠ። ከፌብሩዋሪ 2026 ወዲህ ደግሞ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ሳይዝ ኤርፖርት የደረሰ መንገደኛ ማንነቱን ለማስጣራት 45 ዶላር ይጠየቃል፤ ከፍሎም ማለፉ እርግጠኛ አይደለም። ሊያወጡ ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። የሚያስቸግራቸው የወረቀቶቻቸው አለመስማማት ነው።

ስምን ሳያስተካክሉ መሄድ

ከሁሉም በላይ የሚያጉላላን ይህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም መካከል ላይ አድርጎ አያትን መጨረሻ ያስገባል፤ ሌላው አያትን ትቶ በአባት ይጨርሳል። ወልደ ማርያም በአንዱ ሰነድ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ "ማርያም" ብቻውን የመጨረሻ ስም ሆኖ ይቀራል። ጸሐይ በፓስፖርቷ በ"ቲ" እና "ኤስ" ትጀምራለች፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ በ"ቲ" ብቻ። ለእኛ ያው ጸሐይ ናት፤ መዝገቡ ግን ሁለት ሰው ያያል። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዲኤምቪ፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ኤምቪኤ የምትሉት፣ ያቀረቡትን ቁጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን ደግሞ ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ብታዝንልዎትም ምንም ልታደርግ አትችልም።

ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ያሉዎትን ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የተሳሳተው የሶሻል ሴኩሪቲው ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ፤ ማስተካከያው በነፃ ነው። ግሪን ካርዱ ላይ የተሳሳተው ራሱ ኢሚግሬሽን ከሆነም ክፍያ የለውም፤ ጊዜ ስለሚፈጅ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። በጋብቻ፣ በፍርድ ቤት ወይም ዜግነት ሲወስዱ ስም ቀይረው ከሆነ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘውን ወረቀት ይያዙ፤ የጋብቻው ወረቀት በአማርኛ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ጭምር።

የማይቆጠር ወረቀት ይዞ መሰለፍ

የኢትዮጵያ የልደት ሰርተፍኬት ለዚህ ጉዳይ ማንነትን አያረጋግጥም። ከሚቆጠሩት መካከል የአሜሪካ ፓስፖርት፣ የዜግነት ሰርተፍኬት፣ ግሪን ካርድ፣ የሥራ ፈቃድ ካርድ፣ እንዲሁም ቪዛና የመግቢያ መዝገብ ያለው የውጭ አገር ፓስፖርት ይገኛሉ። ኦሪጅናሉን ይውሰዱ፤ ፎቶኮፒም ሆነ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሠራም።

አድራሻን የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶችም ያስፈልጋሉ። ቤዝመንት ወይም አንድ ክፍል የተከራዩ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ የመብራትና የውሃው ቢል በአከራዩ ስም ይመጣል። የባንክ ስቴትመንት፣ የመኪና ኢንሹራንስ ወይም የደመወዝ ወረቀት ላይ አድራሻዎን አስቀድመው ያስቀይሩ፤ ከዚያ ግዛትዎ የትኞቹን እንደሚቀበል ዝርዝሩን ይዩ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር የመኖሪያ አድራሻ ሆኖ አይቆጠርም።

የምርጫውን ጥያቄ ሳያነቡ "የስ" ማለት

እባክዎ ይህን በጥሞና ያንብቡት። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የመራጮች ምዝገባ ሕግ መሠረት በአብዛኞቹ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በዚያው ለመራጭነት እንዲመዘገብ ይጠየቃል። ሰው ስክሪኑ ላይ የመጣለትን ሁሉ "የስ፣ የስ" እያለ ሲያልፍ ዜጋ ሳይሆን "ዜጋ ነኝ" ብሎ ይፈርማል። ግሪን ካርድ የያዘ፣ ጥገኝነት ያገኘ፣ ማንም ቢሆን፣ ዜጋ ካልሆነ መልሱ "ኖ" ነው። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል፤ "እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር" ብሎ ማሳመን ደግሞ ከባድ ነው። ካልገባዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ይህ መብትዎ ነው፤ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ሳያውቁ ተመዝግበው ከሆነ ድምፅ አይስጡ፤ የዜግነት ማመልከቻም ከማስገባትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የጊዜ ገደቡን መርሳት

በጊዜያዊ ፈቃድ ለሚኖር ሰው ሪል አይዲው የሚያበቃው ፈቃዱ ሲያበቃ ነው። ፈቃድዎ ሲታደስ ካርዱ አብሮ አይታደስም፤ ተመልሰው መሄድ አለብዎት። ዲሲ የሚሰጠው "ሊሚትድ ፐርፐስ" ካርድ ግን ለመንዳት እንጂ ለበረራ አይደለም።

ቲኬት ቆርጦ ማመልከት

በብዙ ግዛቶች ካርዱ የሚመጣው በፖስታ ነው። እስከዚያ የሚሰጥዎትን ጊዜያዊ ወረቀት ኤርፖርት ላይ መንገደኛን የሚፈትሸው መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤ፣ አይቀበልም።

ያለዚህ ካርድ መብረር አይቻልም ብሎ መደናገጥ

ቀኑ ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ ካለዎት በአገር ውስጥ በዚያው መብረር ይችላሉ። ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ወገኖች በተለይ ይህን ይወቁ፤ እዚያ ለበረራ የሚሆነው ልዩ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ለዜጎች ብቻ ስለሆነ ከሲያትል የሚነሳ ባለ ግሪን ካርድ ካርዱን ወይም ፓስፖርቱን ይያዝ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአገር ውስጥ በረራ መታወቂያ አይጠየቁም። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን ትልቁም ትንሹም ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ኮከቡ እዚያ አያገለግልም።