በፒኤችፒ ተመስጥሮ በጃቫ እንዲፈታ

አንድ የቆየ የፒኤችፒ ሲስተም የሚልከውን የተመሰጠረ ዳታ በጃቫ የተጻፈ የአንድሮይድ አፕ እንዲያነበው ማድረግ ነበረብኝ። ሁለቱም ኤኢኤስ 256 የሚባለውን፣ ቁልፉ 256 ቢት የሆነ የምስጠራ ዘዴ ይጠቀማሉ። ቁልፉም አንድ ነው። ግን አልፈታ አለኝ። ሁለት ቀን ታግዬ ጉዱ ቁልፉ ላይ ተገኘ። ቁልፉ በሄክስ (አንዱን ባይት በሁለት ፊደል በሚጽፈው አጻጻፍ) የተጻፈ 64 ፊደል ነበር። እኔ ወደ 32 ባይት ቀይሬ ለጃቫ ሰጠሁት። ፒኤችፒ ግን ፊደሎቹን እንዳሉ ወስዶ፣ ከ32ኛው በኋላ ያለውን ቆርጦ ጥሎ፣ ትንፍሽ ሳይል ሥራውን ቀጥሏል። ፒኤችፒ የሚመሰጥርበት የኦፕንኤስኤስኤል ፋንክሽን ቁልፍ ሲረዝምበት ይቆርጣል፣ ሲያጥርበት በዜሮ ይሞላል። ጃቫ ቢሆን የቁልፉ ርዝመት ልክ አይደለም ብሎ እዚያው ይቆም ነበር።

ኤኢኤስ ራሱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ቤልጂየማውያን ሠርተውት፣ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2001 ደረጃ አድርጎ አወጣው። የሚለያየው እያንዳንዱ ላይብረሪ ሳትጠይቁት በራሱ የሚሞላው ነገር ነው። ስለዚህ ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ከወዲያኛው ወገን ፕሮግራመር ጋር ተስማሙና ጻፉት።

መጀመሪያ ሞዱን፣ ማለትም ኤኢኤስ መልእክቱን ብሎክ በሚባሉ ቁራጮች የሚመሰጥርበትን ስልት። ጃቫ ላይ ኤኢኤስ ብላችሁ ብቻ ከጠራችሁ ኢሲቢ ነው የሚሰጣችሁ። ኢሲቢ አንድ ዓይነት ብሎክ በመጣ ቁጥር ውጤቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይቅርባችሁ። አዲስ ሥራ ከሆነ ጂሲኤም ምረጡ። መልእክቱን መንገድ ላይ የነካካው ካለ ይነግራችኋል፣ ፓዲንግም (የመጨረሻውን ብሎክ መሙያ) አይፈልግም። ሲቢሲ የሚባለው ሞድ ግድ ከሆነ ፓዲንጉ ፒኬሲኤስ 7 ይሁን። ጃቫ ፒኬሲኤስ 5 ይለዋል፤ ለኤኢኤስ ሥራው ያው ነው።

የድሮው የፒኤችፒ ምስጠራ ላይብረሪ ኤምክሪፕት ካጋጠማችሁ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ «ሬይንዳል 256» የሚባለው ኤኢኤስ 256 አይደለም። 256 የተባለው የብሎኩ መጠን ነው፤ የኤኢኤስ ብሎክ ደግሞ ሁልጊዜ 128 ቢት ነው። ፓዲንጉም ዜሮ ነው። ኤምክሪፕት ከፒኤችፒ 7.2 ጀምሮ ወጥቷል፤ በሱ የተመሰጠረ ዳታ ግን ዛሬም ዳታቤዝ ውስጥ ሊተኛ ይችላል።

ቀጥሎ ቁልፉን። 32 ባይት በዘፈቀደ አመንጩና በቤዝ64 (ባይትን በተራ ፊደላት በሚጽፈው አጻጻፍ) ጻፉት። ሁለቱም ወገን ከመጠቀማቸው በፊት ወደ ባይት ይመልሱት። ፓስወርድን እንዳለ ቁልፍ አታድርጉ። ከፓስወርድ መነሳት ካለባችሁ ከፓስወርድ ቁልፍ የሚያወጣው ፒቢኬዲኤፍ2 አለላችሁ፤ ያኔ ሶልቱን (ከፓስወርዱ ጋር የሚቀላቀለውን የዘፈቀደ ባይት)፣ የዙሩን ብዛትና የሃሹን ዓይነት ስምምነቱ ላይ ጨምሩ። ከነዚህ አንዱ ከተለየ የሚወጣው ሌላ ቁልፍ ነው።

ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል። ኤኢኤስ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ብቻ ነው የሚያውቀው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ) ግን 9 ባይት ይሆናል፦ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157። ጃቫ ላይ ብታሳዩት -31 -120 -80 ብሎ ይጀምራል። አትደንግጡ፤ ጃቫ ባይትን ከ-128 እስከ 127 ስለሚቆጥር ነው፣ ቢቶቹ ያው ናቸው። ከጃቫ 18 በፊት ኢንኮዲንጉ ሳይገለጽ ከቀረ የሚወሰደው ከኮምፒውተሩ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ግለጹ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ስህተት ላያየው ይችላል። ሙከራችሁን በአማርኛ አድርጉት።

አሁን ማሸግ። ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ 12 ባይት ኖንስ (አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር) አውጡ፤ በአንድ ቁልፍ ኖንስ መድገም ጂሲኤምን ያፈርሰዋል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ኖንስ፣ ቀጥሎ የተመሰጠረው፣ መጨረሻ 16 ባይት ታግ (መልእክቱ እንዳልተነካካ ማረጋገጫው) ይሁን። ሲላክ ቤዝ64 ይሆናል። ጃቫ ታጉን ራሱ መጨረሻው ላይ ይለጥፈዋል። ፒኤችፒና ኖድ (የሰርቨር ጃቫስክሪፕት) ለየብቻ ስለሚሰጧችሁ እናንተ ለጥፉት። ፓይተን እንደ ላይብረሪው ነው፦ ክሪፕቶግራፊ የሚባለው በኤኢኤስጂሲኤም ክላሱ ይለጥፋል፤ ፓይክሪፕቶዶም ለይቶ ይሰጣል፣ ኖንስ ካልሰጣችሁት ደግሞ በራሱ 16 ባይት ያወጣል። ፒኤችፒ ላይ ሌላም አለ። ጥሬ ባይት መልስ ካላላችሁት ቤዝ64 አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ፤ እናንተ እንደገና ቤዝ64 ስታደርጉት ድርብ ይሆናል።

ርዝመቱን ቁጠሩ። ለ«ሰላም» ኖንሱ 12 ሲደመር ጽሑፉ 9 ሲደመር ታጉ 16፣ 37 ባይት ነው። በቤዝ64 52 ፊደል ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ሁለት የእኩል ምልክት አለ። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ቁልፉን ትታችሁ እሽጉን ፈትሹ።

ለሙከራ ብቻ አንድ ቋሚ ቁልፍና ቋሚ ኖንስ ያዙና በሁለቱም ቋንቋ «ሰላም»ን መስጥሩ። ውጤቱ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ በሁለቱም በኩል መጀመሪያ የቁልፉን፣ ቀጥሎ የጽሑፉን ባይቶች አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። አንድ ሆኖ ሳለ በሊንክ ሲላክ ብቻ የማይፈታ ከሆነ የቤዝ64ን የመደመር ምልክት ተመልከቱ። ሰርቨሩ ሲቀበለው ባዶ ቦታ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ለሊንክ የተዘጋጀውን የቤዝ64 ዓይነት በሁለቱም ወገን ተጠቀሙ።