ከርሰሩ አልታይ ሲላችሁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። እጄ ላይ የሚወድቁት አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው። ከቢሮ ወጥተው ሁለተኛ ሦስተኛ ሰው እጅ የገቡ፣ ባትሪያቸው የደከመ፣ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ። ባለቤቶቻቸው ደግሞ ከጽሑፍ ጋር የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጆች፣ ፈተና የሚያወጡ መምህራን። "ስክሪኑ ደክሟል መሰለኝ፣ አይታየኝም" ይሉኛል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ፊደሉ በደንብ ይታያቸዋል። ያልታያቸው የሚጽፉበትን ቦታ የሚያሳየው፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀጭን መስመር ነው። ከርሰሩ።

ቢጠፋባቸው አልፈርድም። ዊንዶውስ ከርሰሩን ሲሰጠን ውፍረቱ 1 ፒክስል፣ ማለትም አንድ የስክሪን ነጠብጣብ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ እግር በእግር ነው። "ተሰጠ" ብላችሁ ጻፉና ከርሰሩን በሰ እና በጠ መሀል አቁሙት። ሰ ሁለት እግር አለው፣ ጠ ሦስት። ከርሰሩ ስድስተኛ እግር ሆኖ ይመሳሰላል። በዚህ ላይ የደበዘዘ ስክሪንና የአዳማ የቀትር ብርሃን ሲጨመር የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

የምፈርደው መፍትሔ ብለው በሚያደርጉት ነገር ነው።

የማውሱን ቀስት ማግዘፍ

ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ይገባል፣ ማውስ የሚለውን ይከፍታል፣ ቀስቱን የጣት ያህል ያደርገዋል፣ ቀለሙን ቀይሮ ደስ ብሎት ይወጣል። ከዚያ መጻፍ ሲጀምር ያው ቀጭን መስመር እዚያው አለ። ቀስቱ የሚያሳየው እጃችሁ ያለበትን ነው። ፊደሉ የሚያርፈው ግን ከርሰሩ ካለበት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ክሊክ ባደረጋችሁባት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማውሱ የትም ቢዞር ከርሰሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ዩን ተጫኑ። ዊንዶውስ 7 ላይ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ሴንተር ይከፈታል። ኮምፒውተሩን ለማየት ቀላል ስለማድረግ የሚናገረውን መስመር ተጭናችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የብልጭልጩ ከርሰር ውፍረት የሚመረጥበት ሳጥን አለ፣ ከጎኑም ናሙናው ይታያል። ዊንዶውስ 10 ላይ በዚያው ቁልፍ ግቡና በግራ በኩል ቴክስት ከርሰር የሚለውን ፈልጉ። ዊንዶውስ 11ም በዚያው ቁልፍ ነው፣ ስሙ አክሰሲቢሊቲ ሆኗል። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

ሪዞሉሽን መቀነስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፤ ስለዚህ ነገር ማውራት ሰልችቶኛል።

አንድ መምህር ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ስክሪኑ እንዲቀየርለት ነው የፈለገው። ሌላ ቦታ ወስዶት "ፓነሉ ሞቷል" ተብሏል። ከፈትኩት። ዴስክቶፑ ላይ ያሉት አይኮኖች ወደ ጎን ተለጥጠዋል፣ ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም ስክሪኑ ወደ ጎንና ወደ ታች ስንት ነጠብጣብ እንዲያሳይ እንደታዘዘ ሳየው 800 በ600 ነው። "ማነው እንዲህ ያደረገው?" አልኩት። "እኔ ነኝ፣ ነገሩ ሁሉ ተለቅ እንዲልልኝ ብዬ" አለኝ። ወደ 1366 በ768 መለስኩለት። ስክሪኑ ወዲያው ዳነ! ፓነሉ ምንም አልሆነም ነበር። ያን ቀን ባላየው ኖሮ ደህናውን ስክሪን አስወልቆ በማይታወቅ ስክሪን ሊያስቀይር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ነጠብጣቦቹ ተቆጥረው፣ ቦታቸው ተወስኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ወደ ጎን 1366 ነጠብጣብ ያለውን ስክሪን 800 ብቻ አሳይ ስትሉት ነጠብጣቦቹ አይቀንሱም። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ 1.7 ያህል ቦታ ላይ ትዘረጋለች። ግማሽ ነጠብጣብ ማብራት ስለማይቻል ማሽኑ ጎረቤቱን ግራጫ እየቀባ ያቻችላል። አሁን ስለ ከርሰሩ አስቡ። 1 ፒክስል የነበረው ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ግማሽ ጥቁር፣ ግማሽ ግራጫ የሆነ ጥላ ይሆናል። ለማየት ብላችሁ ያደረጋችሁት ነገር የባሰውን አደበዘዘው ማለት ነው። ገጹም ስለሚጠብ ወደ ታች ወደ ላይ ማንሸራተቱ ይበዛል፣ ባንሸራተታችሁ ቁጥር ደግሞ ከርሰሩ ከዓይን ይርቃል።

ፊደል ማተለቅ ከፈለጋችሁ ወርድ ላይ ኮንትሮልን ይዛችሁ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ አዙሩ። ወርድ ውስጥ የከርሰሩ ቁመት ከፊደሉ ጋር ስለሚያድግ ይህ በራሱ ይረዳል፤ ውፍረቱን ግን አይነካውም። ሁሉም ነገር እንዲተልቅ ከፈለጋችሁ ሪዞሉሽኑን ሪኮመንድድ በሚለው ላይ ተዉትና የጽሑፉንና የአይኮኑን መጠን (ስኬል የሚለውን) 125 በመቶ አድርጉት። ቁመቱ 768 በሆነ ስክሪን ላይ የአንዳንድ መስኮቶች ኦኬ የሚለው ቁልፍ ከታች ሊቆረጥ ይችላል። ሲቆረጥ ኢንተርን መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሪዞሉሽኑን ግን በፈጠራችሁ፣ አትንኩት።

ውፍረቱን 20 ላይ መስቀል

ቦታውን ካገኙ በኋላ ደግሞ አንዳንዶች እስከ መጨረሻው ይወስዱታል። ልኩ ከ1 እስከ 20 ነው። 20 ላይ ሲሆን ከርሰሩ መስመር መሆኑ ይቀርና ጥቁር ግንብ ይሆናል። ወደ ቀኝ እያበጠ የሚቀጥለውን ፊደል ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ከፊደሉ በፊት ይሁን በኋላ መለየት ያቅታል።

አንዲት ማመልከቻ የምትተይብ ልጅ ይህ ደርሶባታል። የብድር ክስ ነበር። 25,000 የሚለው ላይ እርማት ለመጨመር ስትል አንዲት ዜሮ ቁጥሩ ውስጥ ገባችና ገንዘቡ 250,000 ሆነ። ኮማዋም ቦታዋን ስታለች። ደግነቱ ባለጉዳዩ አዛውንት ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ ብለው ነበር። "ልጄ፣ ይህን ያህል ማን አበደረኝ?" አሏት። ልጅቷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ፍርድ ቤት ደርሶ ቢሆንስ እያልኩ ነበር የምሰማት።

1366 በ768 ለሆነ ስክሪን ከ3 እስከ 5 ይበቃል። ከ3 ጀምሩና አንድ ገጽ ጻፉበት፣ ካልበቃ ጨምሩ። ዊንዶውስ 7 ላይ አፕላይ ማለት እንዳትረሱ። ወርድ ተከፍቶ ከነበረም ዘግታችሁ ክፈቱት።

ብሮውዘር ውስጥ ውፍረቱ ካልተለወጠ አትደንግጡ። አንዳንድ ብሮውዘሮች ከርሰሩን ራሳቸው ስለሚስሉት የዊንዶውስን ትእዛዝ ላይሰሙ ይችላሉ። እዚያ ገጹን ማተለቅ ይሻላል።

ብልጭታውን ማጥፋት ወይም ማብዛት

ኪይቦርድ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የብልጭታው ፍጥነት አለ። ጭራሽ ማጥፋት ይቻላል። አንዳንድ ሰው ብልጭታው ራሱን ያመዋል፣ ለእሱ ይጥፋለት። ሌላው ሰው ግን ባያጠፋው ይሻለዋል፤ ዓይን ከቆመ ነገር ይልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል። የማይበልጭ ቀጭን ከርሰር እና የጠ እግር ምን ለያቸው? በጣም ማፍጠንም ያደክማል። መሀሉ ላይ ተዉት።

ቀለም ሲመርጡ ገጹን መርሳት

ዊንዶውስ 10 በግንቦት 2020 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው ማሻሻያ አንድ ጥሩ ነገር ጨምሯል። ከርሰሩ ከላይና ከታች ባለቀለም ምልክት ይደረግለታል፣ መጠኑንም ትመርጣላችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ታዲያ ሰዉ ቢጫ ይመርጣል። ነጭ ገጽ ላይ ቢጫ! ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ምረጡ።

ማሽኑ ያረጀ ነው ብሎ መደምደም

"ጠዋት ይታየኛል፣ ከሰዓት አይታየኝም" ያለኝ ደንበኛ አለ። ጠዋት መብራት አለ፣ ከሰዓት ይጠፋል። ላፕቶፕ ከሶኬት ወደ ባትሪ ሲዞር ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል። ኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሌላ የማይታይ ነገር አለ። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ምስሉን የሚያደበዝዝ አማራጭ በኢንቴል የግራፊክስ መቆጣጠሪያ ውስጥ፣ ፓወር የሚለው ክፍል ላይ ተቀምጧል። አጥፉት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ከርሰሩ ግን አብሮ አይጠፋም።

የስክሪኑን አቅጣጫም እዩ። የድሮ ርካሽ ስክሪኖች ከፊት ለፊት ካልታዩ ቀለማቸው ይለቃል። ላፕቶፑን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከላይ ቁልቁል እያየ "አይታየኝም" የሚል ሰው ሲመጣ ክዳኑን ገፋ አድርጌ እሰጠዋለሁ። አላስከፍልም። በርና መስኮት ከጀርባችሁ ካለም ዙሩ።

ከርሰር ከኢንተርኔት ማውረድ

አታድርጉት። የሚወርደው በአብዛኛው የማውስ ቀስት ማስዋቢያ ነው፣ ከርሰሩን አይነካውም። አብሮት የሚመጣውን ቫይረስ የማጸዳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሲጠፋ ክሊክ ክሊክ ማድረግ

ጀማሪዎች ከርሰሩ ሲጠፋባቸው ያገኙት ቦታ ሁሉ ክሊክ ያደርጋሉ። ያኔ የነበሩበት ቦታ ጭራሽ ይጠፋል። እጃችሁን ከማውሱ አንሱ። የኪይቦርዱን የቀኝ ቀስት አንዴ፣ የግራውን አንዴ ተጫኑ። ገጹ ራሱ ተንቀሳቅሶ ከርሰሩ ያለበት ቦታ ላይ ያደርሳችኋል። ክሊክ አድርጋችሁ ካበላሻችሁም ወርድ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ ኤፍ 5ን ተጫኑ፤ መጨረሻ ወዳረማችሁበት ቦታ ይመልሳችኋል። ይህን ለአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋሼ ባሳየኋቸው ቀን "ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?" አሉኝ።

እየጻፋችሁ ከርሰሩ በራሱ ሌላ መስመር ላይ ከዘለለ ጥፋቱ የከርሰሩ አይደለም። መዳፋችሁ ታችፓዱን እየነካ ነው። ማውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ታችፓዱን ዝጉት።

ወርድ 2013 እና 2016 ላይ ደግሞ ከርሰሩ እየተንሸራተተ፣ እየዘገየ፣ አንዳንዴም እየጠፋ ካስቸገረ ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ የሚለው ሥር የሃርድዌር ግራፊክስ አክሰለሬሽንን የሚያጠፋ ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበትና ወርድን ዘግታችሁ ክፈቱ። የደከመ ግራፊክስ ያለው ማሽን በዚህ ያርፋል።

በሰው ኮምፒውተር ላይ አስተካክሎ መሄድ

ኢንተርኔት ካፌና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያሉ ማሽኖች ብዙዎቹ ፍሪዝ ተደርገዋል። ጠፍተው ሲበሩ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ የከርሰሩ ውፍረትም ጭምር። ልጆቹ በነጋ ቁጥር "ትናንት አስተካክለህልኝ ዛሬ ተበላሸ" ይሉኛል። ባለቤቱ ፍሪዙን አንስቶ፣ ውፍረቱ ተስተካክሎ፣ እንደገና ፍሪዝ መደረግ አለበት። የቢሮ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉ የሚቀመጠው በየተጠቃሚው ስም ነው፤ በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ አስተካክሉት። ባለቤቱ እምቢ ካለ ጠዋት ጠዋት የዊንዶውስ ቁልፍና ዩ፣ ከዚያ ውፍረቱን 3። ሻይ እስኪመጣ ያልቃል።